ዲጄ ድራኩላ ዓባይን መሻገር አይችልም፦ ክሪታን በጎቲክ ኮሚክ ፈተንነው

ክሪታ በነጻ የሚወርድ የሥዕል ሶፍትዌር ነው። ፎቶ ለማሳመር ሳይሆን ከባዶ ለመሣል የተሠራ ነው። እዚህ የምንመዝነው ለአንድ የተለየ ሥራ ነው፦ የድሮውን የጎቲክ አስፈሪ ድርሰት በዛሬ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ እያላገጠ፣ በስልክ ከላይ ወደ ታች እየተገፋ የሚነበብ የአማርኛ ኮሚክ። ቫምፓየሩ ዲጄ፣ ሬሳ ሰፍቶ ነፍስ የሚዘራበት ሳይንቲስት ቢት ሠሪ፣ ቦታው ባሕር ዳር። ፍርዱን ቀድሞ ማወቅ ለሚፈልግ፦ ለጨለማና ለመብራት በነጻ ከሚገኙት ውስጥ ክሪታን የሚያህል አላየንም፤ የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ሲደርስ ግን ያነክሳል፣ ረዳት ይፈልጋል። የፈተንነው 5.2 እትምን በዊንዶውስ ላይ ነው።

ለፈተናው የወሰድነው ክፍል ሴራው ቀላል ነው። ዲጄ ድራኩላ ሰርግ ላይ እንዲጫወት ይጠራል፤ ሰርጉ ከዓባይ ማዶ ነው። ብራም ስቶከር በ1897 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው «ድራኩላ» ልቦለድ ቫምፓየር ወራጅ ውኃ መሻገር የሚችለው የባሕሩ ውኃ ሞልቶ ሲመጣ ወይም ቀጥ ሲል ብቻ ነው። ጣና እንደ ውቅያኖስ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት የለውም፤ ዓባይም አንዴ ከጣና ከወጣ ቀንም ሌትም ይወርዳል እንጂ ቆሞ አይጠብቅም። እንግዲህ ሰውዬው ግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው 380 ሜትር ድልድይ አፋፍ ላይ ሁለት ሻንጣ ሙሉ ሸክላውን ይዞ ተገትሮ ይቀራል። ባለባጃጁ "ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ" እያለ ይጨቀጭቀዋል። ባጃጁ ውስጥ መግባቱስ ችግር የለውም፤ ተጋብዟልና። የሚቸግረው ማዶ መድረሱ ነው።

ሌሎቹም የቫምፓየር ሕጎች እዚህ ሲመጡ ራሳቸው ቀልድ ይሆናሉ። ሳይጠሩት ቤት አይገባም፤ ስለዚህ የሰርግ መጥሪያ ካርዱ ላይ ስሙ በትክክል ካልተጻፈ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ሲከራከር ያነጋል። ነጭ ሽንኩርት አይችልም፤ ሽሮው ውስጥ አለ፣ በርበሬው ውስጥ አለ፣ አዋዜው ውስጥ አለ፣ ከድግሱ የሚቀምሰው ጠላ ብቻ ነው። ፀሐይን በተመለከተ ብዙ ሠሪ የሚስተው ነገር አለ፦ በልቦለዱ ድራኩላ በቀን ይዘዋወራል፣ ኃይሉ ብቻ ይቀንሳል። ፀሐይ የምትገድለው ቫምፓየር የመጣው በ1922 (እ.ኤ.አ.) ከወጣው ድምፅ አልባ የጀርመን ፊልም ወዲህ ነው። የትኛውን ሕግ እንደምትከተሉ በመጀመሪያው ክፍል ወስኑ። የገዳይዋን ፀሐይ ሕግ ከመረጣችሁ ደግሞ ባሕር ዳር ከምድር ወገብ ብዙ የማትርቅ ከተማ መሆኗን አትርሱ፤ እንደ ለንደን ታኅሣሥ 16 ሰዓት የሚረዝም ሌሊት የለም። ታኅሣሥም ሆነ ሰኔ ሌሊቱ ወደ 12 ሰዓት ግድም ነው፣ ሙዚቃውም ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳያልፍ ማለቅ አለበት። በእኩለ ሌሊት የሚደወለውን የአሥራ ሁለት ምት ደወል እንዳለ ከገለበጣችሁ አንባቢው "ነግቶ የለ እንዴ?" ይላል። እኛ ጋ እኩለ ሌሊት 6 ሰዓት ነው፤ ደወሉን ስድስት ጊዜ ደውሉት።

ቦታ ስትመርጡ የጣናን ገዳማት ለቀልድ ባታደርጓቸው ይሻላል። ደጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አፅም ያረፈበት ነው፤ "የሬሳ ሣጥን ዲጄ" የሚል ቀልድ እዚያ ላይ ሲያርፍ ማንንም አያስቅም። ቤተ መንግሥት ካስፈለገ የቤዛዊት ኮረብታ አለ፣ ግንብ ካስፈለገ ጎንደር ሩቅ አይደለም። የቡዳንና የጅብን ነገር የሚያነሣም ጥንቃቄ ያድርግ፤ ያ ወሬ ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ሲያስገፋ የኖረ ስለሆነ፣ ጭራቁ ጅብ ከሆነ ጅብ ብቻ ይሁን።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። ይህ ዓይነት ኮሚክ ፕሮግራምን በደንብ የሚፈትነው በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ተቃራኒ ነገር ስለሚጠይቅ ነው፦ ጎቲክ ጥቁር ይፈልጋል፣ ክለብ ደግሞ ከዚያው ጥቁር ውስጥ የሚፈነጥቅ ሮዝና ሰማያዊ። ክሪታ ላይ ሁለቱንም የሚያስታርቀው ግሬዲየንት ማፕ የሚባለው ነገር ነው። ገጹን በሙሉ በግራጫ ሣሉት። ከዚያ ከሁሉም በላይ ፊልተር ሌየር (ከሥሩ ያለውን ሁሉ ቀለም የሚለውጥ ንጣፍ) ጨምሩና ግሬዲየንት ማፕን ምረጡ፤ ጥቁሩን ወደ ጥልቅ ወይን ጠጅ፣ መካከለኛውን ወደ ሰማያዊ፣ ነጩን ወደ ቀዝቃዛ ቢጫ ይቀይረዋል። ሰርጉ ቤት ውስጥ መብራቱ ሲለወጥ ሥዕሉን ሳትነኩ የፊልተሩን ቀለማት ብቻ ትቀይራላችሁ። ለአንድ ክፍል ሦስት ቅንብር ይበቃል፦ ሐይቁ ዳር፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ሊነጋ ሲል።

የሌዘርና የኒዮን መብራቱ ከፊልተሩ በላይ በሌላ ሌየር ይሣላል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ይሰናከላል። የሌየሩን ብሌንዲንግ ሞድ (ከሥሩ ካለው ጋር የሚቀላቀልበትን ስልት) ኮለር ዶጅ ያደርገዋል፣ ደማቅ ሮዝ ይቀባል፣ ምንም አይታይም። ምክንያቱም ኮለር ዶጅ ከሥር ያለውን ብርሃን ያባዛል እንጂ አዲስ ብርሃን አይፈጥርም፤ ከሥር ያለው ፍጹም ጥቁር ከሆነ ዜሮን ማባዛት ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ጥቁራችሁን ፍጹም አለማድረግ ነው፦ ቀይ 11፣ አረንጓዴ 10፣ ሰማያዊ 18 ዓይነት ቀለም ለዓይን ጥቁር ነው፣ ለዶጅ ግን የሚይዘው ነገር አለው። ሌላው ሌየሩን አዲሽን ማድረግ ነው፤ ይኼኛው ከሥር ምንም ይኑር ምን ብርሃን ይጨምራል። እኛ ለሌዘሩ ጨረር አዲሽንን፣ ፊትና ልብስ ላይ ለሚያርፈው ነጸብራቅ ኮለር ዶጅን እንመርጣለን፤ ኦፓሲቲውን ከ40 እስከ 60 በመቶ።

ጉም ሌላው ጣጣ ነው። የክረምት ጧት በጣና ላይ የሚንሳፈፈው ጉም ለጎቲክ በነጻ የተሰጠ ጌጥ ነው፤ ነገር ግን በጨለማ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚደበዝዝ ቀለም በጄፔግ ሲቀመጥ ሽንትርትር ያለ ቀለበት ይሠራል። ከማውጣታችሁ በፊት ከፊልተር ሜኑ አዘር ሥር ያለውን ራንደም ኖይዝ ከ3 እስከ 5 በመቶ ጨምሩበት፤ የጄፔጉን ጥራት ከ85 አታውርዱት። ትንሿ ሻካራነት ቀለበቶቹን ትሰብራቸዋለች። እንደ አሮጌ ሕትመትም ታስመስለዋለች፣ ያም ለጎቲክ ይስማማል።

ለመስመር ሥራ ከክሪታ ጋር የሚመጣው ኢንክ-3 ጂፔን ይበቃል፤ ሌላ ብሩሽ ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ። እጅ ለሚንቀጠቀጥበት ከብሩሹ ቱል ኦፕሽንስ ውስጥ ስታቢላይዘር አለ። ረጅም የግንብ መስመርና የካባ እጥፋት ላይ አብሩት፣ ፊት ላይ አጥፉት፤ ፊት ላይ ከበራ ሁሉም ገጸ ባሕርይ የሰም ምስል ይሆናል። ሥር ቀለሙን በፍጥነት ለመሙላት ኮለራይዝ ማስክ የሚባል ብልህ መሣሪያ አለ፣ ግን ረጅም ካንቫስ ላይ ይጎተታል። ከብባችሁ የምትሞሉበት ኤንክሎዝ ኤንድ ፊል ለዚህ ሥራ ይሻላል።

ማሽኖቹን ስትሥሉ ግን አትቸኩሉ። የሙዚቃ ማሽን የሚያውቅ አንባቢ የሐሰት ማሽን ሲያይ ቀልዱን ያቆማል። ቲአር-808 የሚባለው የሮላንድ ከበሮ ማሽን የታችኛው ረድፍ ላይ 16 ቁልፎች አሉ፤ አራት አራት ሆነው ከግራ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ ነጭ። የቤዝ ድምፅ የምታወጣው የሮላንድ ቲቢ-303 ላይ ደግሞ የላይኛው ረድፍ ስድስት ትናንሽ ማዞሪያ አለው፦ ቱኒንግ፣ ከትኦፍ፣ ሬዞናንስ፣ ኤንቭሎፕ፣ ዲኬይ፣ አክሰንት። ይቺ 303 ለኮሚኩ የተፈጠረች ናት ማለት ይቻላል። በ1981 (እ.ኤ.አ.) የወጣችው ቤዝ ጊታር የሚመታውን ሰው እንድትተካ ነበር፤ አልተሸጠችም፣ በ1984 ምርቷ ቆመ። ከዚያ የቺካጎ ልጆች በርካሽ ሁለተኛ እጅ ገዝተው ማዞሪያዎቿን ሲያጣምሙ አሲድ ሃውስ የሚባለው ድምፅ ተወለደ። ሞታ ተቀብራ በሌላ ሰው እጅ የተነሣች ማሽን! ሜሪ ሼሊ በ1818 ካሳተመችው የፍራንከንስታይን ታሪክ ጋር ሳትገፏት ትገጥማለች። ቢት ሠሪው ዶክተር የማሲንቆ ሳምፕል (የተቀዳ ቁራጭ ድምፅ) ከአንዱ አዝማሪ፣ ከበሮ ከሌላው፣ እስክስታ የሚመታ ትከሻ ከሦስተኛው ሰፍቶ ሲያስነሣው፣ የሚያስነሣው መብረቅ ሳይሆን ጄኔሬተር ይሁን። ለአዋቂ የምትሆን ቀልድም አለች፦ የመብራታችን ኃይል በሴኮንድ 50 ዙር ነው፣ ይህም በድምፅ ከፒያኖ ዝቅተኛው ሶል በጣም ትንሽ ከፍ ይላል። ጭራቁ ሲነቃ የሚያጉረመርመው በዚያው ቃና ነው።

ማሽኖቹን በክሪታ አንድ ጊዜ ብቻ ሣሏቸው። እያንዳንዱን ለብቻው ፋይል አድርጋችሁ ኮሚኩ ውስጥ እንደ ፋይል ሌየር አስገቡት፤ የ808ቱን አንድ ቁልፍ በምንጩ ስታርሙ በሁሉም ቦታ ይታረማል። ለሸክላ ማጫወቻው ዲስክ ከአሲስታንቶቹ (ከመሣያ መመሪያዎቹ) ውስጥ ኮንሴንትሪክ ኤሊፕስን ተጠቀሙ፤ በጎን የሚታይ ክብን በባዶ እጅ አስተካክሎ መሣል ከባድ ነው። ለፓኔል (ለእያንዳንዱ የኮሚክ ሣጥን) ጠርዝ ደግሞ የብራና መጻሕፍትን ሐረግ አስታውሱ። መልቲብረሽ መሣሪያውን በሚረር ከፍታችሁ ግማሹን ስትሥሉ ግማሹ ራሱ ይመጣል፣ ሐረጉ ውስጥ የድምፅ ማጉያ ገመድ ሸርቡበት። የአውሮፓውን ግንብ መስኮት ከመቅዳት ይህ የራስ የሆነ ጎቲክ ይሰጣል።

ስለ ምት እንናገር፤ ከላይ ወደ ታች የሚነበብ ኮሚክ ሙዚቃን የሚመስለው በፓኔሎች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ነው። በዳንስ ሙዚቃ ቢልድአፕ (ሙዚቃው እየጋለ የሚሄድበት ክፍል) ሲመጣ የስኔሩ (የቀጭኑ ከበሮ) ምት በየጊዜው እጥፍ ይፈጥናል፣ ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል፣ ከዚያ ድሮፑ (ሙሉ ምቱ የሚመለስበት ቅጽበት) ይወድቃል። በደቂቃ 128 ምት በሆነ ዘፈን 16 ባር (አንዱ ባር አራት ምት) ያለው ቢልድአፕ በትክክል 30 ሴኮንድ ነው። ይህን በአውራ ጣት ለማስመሰል ክፍተቶቹን በግማሽ በግማሽ ቀንሷቸው፦ 640 ፒክሰል፣ 320፣ 160፣ 80። የቫምፓየሩ ፊት በየፓኔሉ እየቀረበ ይምጣ። ከዚያ አንድ ሙሉ ስክሪን፣ ማለትም 1280 ፒክሰል ጥቁር ብቻ። ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሞላ ፓኔል። እንዲያው በዓይን መጠን የሠራችሁት ይህን ውጤት አይሰጥም፤ ክሪታ ላይ ሩለሩን አብሩና ጋይዶቹን (መመሪያ መስመሮቹን) በሩለሩ ቁጥር ልክ አስቀምጡ። ድሮፑ ላይ መብራት ቢጠፋስ? ድሮፑ ሲጠበቅ ጄኔሬተሩ የሚዘጋበት ፓኔል እዚህ አገር ሳይብራራ ይገባል።

የካንቫስ መጠን ላይ ስስትም መጨናነቅም አያስፈልግም። አንባቢው የሚያየው 800 ፒክሰል ስፋት ነው፤ እጥፍ አድርጋችሁ በ1600 ሣሉ፤ ከላይ የሰጠናቸው የክፍተት ቁጥሮች በ800 ስለሆኑ እነሱም እጥፍ ይሆናሉ። አንድን ሙሉ ክፍል 1600 በ25600 አድርጋችሁ በአንድ ፋይል ከከፈታችሁ ግን ሙሉ በሙሉ የተቀባ አንድ ሌየር ብቻውን ወደ 164 ሜጋባይት ራም ይበላል፤ 20 ሌየር ሲሆን ከ3 ጊጋባይት ያልፋል። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ እዚያ ላይ ይተኛል። ክፍሉን ለሁለት ከፍላችሁ እያንዳንዱን 1600 በ12800 አድርጉት። ክሪታ ያልተቀባውን ቦታ በራም ስለማይይዝ ለጥቂት መስመር የሚሆን ሌየር መጨመር አያስፈራም፤ የሚከብዱት ዳር እስከ ዳር የተቀቡ ጀርባዎችና ጉሞች ናቸው።

የመብራት ጉዳይ ከዚህ አይነጠልም። ኮንፊገር ክሪታ ውስጥ ጄነራል፣ ከዚያ ፋይል ሃንድሊንግ ገብታችሁ አውቶሴቩን 3 ደቂቃ አድርጉት፣ ባክአፕ ፋይል ፍጠር የሚለውንም አብሩት። ይህ ከበራ ሴቭ ስታደርጉ የቀድሞው ፋይል በስሙ መጨረሻ ላይ የማዕበል ምልክት (~) ተጨምሮበት ይቀመጣል፤ ሴቭ እያደረገ መብራት ቢሄድና አዲሱ ፋይል ቢበላሽ ምልክቱን አጥፍታችሁ የድሮውን ትከፍታላችሁ። ለመጨረሻ ቀን የሚሆን ዘዴም አለ፦ የክሪታ ፋይል በውስጡ ዚፕ ነው። አልከፍት ካለ ኮፒ አድርጋችሁ ማለቂያውን ወደ ዚፕ ቀይሩና ፍቱት፤ ውስጡ ሌየሮቹ የተዋሐዱበት መርጅድኢሜጅ የሚባል ሙሉ ምስል አለ። ሌየር የለውም፣ ሥዕሉ ግን ይተርፋል። ሁልጊዜ ላይሠራ ይችላል፤ ፋይሉ ጭራሽ ተቆርጦ ከሆነ ዚፑም አይፈታም።

አሁን ወደ ድክመቱ። የክሪታ 5.2 የጽሑፍ መሣሪያ ለኮሚክ አይሆንም ብንል ማጋነን አይደለም። ጽሑፉን የምትጽፉት ካንቫሱ ላይ ሳይሆን በሚከፈት ሌላ መስኮት ውስጥ ነው፤ አንዲት ፊደል ለማረም መስኮቱን ከፍቶ፣ አርሞ፣ ሴቭ ብሎ፣ ዘግቶ ማየት ነው። መስመሩ በፊኛው (ንግግር በሚጻፍበት ክብ) ጠርዝ ራሱ አይታጠፍም፤ እያንዳንዱን መስመር በኤንተር መቁረጥ ያስፈልጋል። አማርኛ ደግሞ ግሱ ላይ ሁሉን የሚሸከም ቋንቋ ነው፤ "እስካላስገባችሁኝ" የምትል አንዲት ቃል ጠባብ ፊኛን ትሞላለች፣ ለሁለት ልትቆረጥም አትችልም። ፊኛን በእንግሊዝኛ ኮሚክ ልማድ ቀጭንና ረጅም አድርጎ የሣለ ሰው ጽሑፉን ሲያስገባ ያለቅሳል። የአማርኛ ፊኛ ሰፊና አጭር ይሁን፤ በመስመር እስከ 14 ፊደል፣ ቢበዛ አራት መስመር።

ስለዚህ ጽሑፉን በኢንክስኬፕ ጻፉ፤ እሱም ነጻ የንድፍ ፕሮግራም ነው። ሥዕሉ ሲያልቅ በክሪታ ኮፒውን ወደ 800 ስፋት አውርዱና በፒኤንጂ አውጡት፣ ኢንክስኬፕ ውስጥ አስገብታችሁ ሌየሩን ቆልፉት፣ ጽሑፉን ከላይ በሌላ ሌየር ጻፉ፣ የጽሑፍ ሣጥኑን ጎትታችሁ ስትሠሩት መስመሩ በራሱ ይታጠፋል። እዚህ ጋ የሚበላሸው ነገር የታወቀ ነው፦ ሥዕሉ ሲገባ አንሶ ይታያል። የክሪታው ፋይል በኢንች 300 ፒክሰል ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ ኢንክስኬፕ በ96 ስለሚቆጥር ያሳንሰዋል። ክሪታ ላይ ሪዞሉሽኑን ብቻ 96 አድርጉት፤ የፒክሰሉ ብዛት አይቀየርም፣ ችግሩ ይጠፋል።

ፊደሉ ራሱ ላይ ሁለት ነገር። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተለያየ ውፍረት ስላለው ለመደበኛ ንግግር እሱን እንመክራለን። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ደግሞ የብራና ወዝ ስላለው ለድራኩላ ንግግር ያምራል፤ እሱ "ሌሊት ሆይ፣ እነሆ መጣሁ" ሲል ሳውንድማኑ በኖቶ "ጋሼ፣ ማይኩ አልበራም" ይለዋል። ግን አቢሲኒካን ቦልድ አታድርጉት። የራሱ ወፍራም ቅርጽ ስለሌለው ፕሮግራሙ በግድ ያወፍረዋል፣ የነ "ቋ" እና የነ "ጭ" ትናንሽ ቀዳዳ ይደፈናል። መጠኑን በ800 ስፋት ላይ ከ32 ፒክሰል አታሳንሱ፤ 6.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ስልክ ላይ ይህ 2.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ወደ 18 ሲወርድ ሉ እና ሊ አንድ ይሆናሉ፣ ምክንያቱም የሚለዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ብቻ ነው፤ አንዷ ወገብ ላይ፣ አንዷ እግር ላይ።

የድምፅ ቃላቱን ግን በፎንት አትጻፉ። "ድው! ድው!"፣ "ጢስስ"፣ "ዋዋዋው" የሚሉት በእጅ ቢሣሉ ይሻላል፣ ለዚህም ክሪታ ራሱ ይበቃል። ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው ብሩሽ ምረጡና እንደ ብርዕ 30 ዲግሪ ያህል ጋደል አድርጉት፤ ቁሙ ይወፍራል፣ አግድሙ ይቀጥናል። የኪኩን (የትልቁን ከበሮ) "ድው" በእያንዳንዱ ፓኔል በተመሳሳይ ቦታ፣ ከታች ግራ ጥግ አስቀምጡት፤ አንባቢው ሳያውቀው ምቱን መጠበቅ ይጀምራል። አንድ ፓኔል ላይ ስትቀር ልቡ ይደነግጣል።

ትንሽ የሚንቀሳቀስ ምስል ማከል ለሚፈልግ ክሪታ አኒሜሽንም ይሠራል። ሂሳቡን ቀድሞ ማስተካከል ነው። በሴኮንድ 24 ፍሬም ሆኖ በደቂቃ 120 ምት ከሆነ አንድ ምት በትክክል 12 ፍሬም ነው። 128 ምት ላይ ግን 11.25 ፍሬም ይመጣል፤ አንድ ምት ብቻ ቆርጣችሁ ብታዞሩት ከድምፁ ጋር ይንሸራተታል። 128ን የምትወዱ ከሆነ አራት ምት አንድ ላይ አዙሩ፣ 45 ፍሬም ሆኖ ይዘጋል። የስትሮብ (ብልጭ ድርግም የሚል) መብራትን በሴኮንድ ከሦስት ብልጭታ አታሳልፉ፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊቀሰቅስበት ይችላል። በ120 ምት በየምቱ አንዴ ቢበራ በሴኮንድ ሁለት ነው፣ ደኅና ነው። በየግማሽ ምቱ ከሆነ አራት ይሆናል፣ ያልፋል።

ማውጣቱ ቀላል ነው፣ አብዛኛው ሰው የሚበላሽበት ግን ቴሌግራም ላይ ነው። ረጅሙን ሥዕል እንዳለ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ቴሌግራም ረጅሙን ጎን በተለመደው ቅንብር ወደ 1280 ፒክሰል ያወርደዋል፤ 800 በ6400 የነበረው 160 በ1280 ይሆናል፣ ጽሑፉ ጉንዳን ይመስላል። ቀድማችሁ ቁረጡት። በኢንክስኬፕ ጽሑፍ የገባበትን 800 በ6400 ምስል ወደ ክሪታ መልሱና ከኢሜጅ ሜኑ ኢሜጅ ስፕሊትን ክፈቱ፣ አግድም መስመር 4፣ ቁም መስመር 0 በሉት፤ አምስት እኩል 800 በ1280 ቁራጮች ይሰጣችኋል። ሁለቱ ግማሾች ተደምረው አሥር ናቸው፣ አንድ የቴሌግራም አልበም ደግሞ አሥር ይይዛል። ቁራጩ የሚያርፍበትን ቦታ ፓኔል ስትደረድሩ ማሰብ አለባችሁ፤ በየ1280ው ላይ ፊት ወይም ፊኛ ካለ ለሁለት ይቆረጣል። አልበም ውስጥ ድምፅ ከፎቶ ጋር አይቀላቀልም፤ የቀዳችሁት ትራክ ካለ ለብቻው ከሥር ይከተል።

ብዕር ታብሌት ያላችሁ አንድ የታወቀ እንቅፋት ታገኛላችሁ፦ መስመሩ ይሣላል፣ ተጭናችሁም ስትለቁም ውፍረቱ አይለወጥም። ኮንፊገር ክሪታ ውስጥ ታብሌት ሴቲንግስ ገብታችሁ ከዊንታብ ወደ ዊንዶውስ ኢንክ፣ ወይም ከዚያ ወደዚህ ቀይሩና ክሪታን ዘግታችሁ ክፈቱ። ካልተፈታ ከዚህ በፊት የነበረ የሌላ ኩባንያ ታብሌት ድራይቨር ኮምፒውተሩ ላይ ቀርቶ እንደሆነ እዩ፤ ሁለት ድራይቨር አብሮ አይኖርም። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ካንቫሱ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ደግሞ በዲስፕሌይ ቅንብር ውስጥ ከኦፕንጂኤል ወደ አንግል መቀየር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ክሪታ ከራሱ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይወርዳል። በማይክሮሶፍት ስቶርና በስቲም የሚሸጠው ያው ራሱ ነው፤ ገንዘቡ ለሠሪዎቹ ድጋፍ ሲሆን እናንተ የምታገኙት ትርፍ በራሱ መታደሱ ነው። ካርድ የሌለው ሰው የሚቀርበት ነገር የለም። የአንድሮይድ እትሙ ለታብሌት ነው፣ የስልክ ስክሪን ላይ ሜኑዎቹ አይበቁም። በስልክ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ኢቢስ ፔይንት ኤክስ ይሻላችኋል፤ ማስታወቂያ አለው፣ በጣት ለመሣል ግን የተመቸ ነው፣ ኮለር ዶጅና አዲሽንም እዚያ አሉ። ግሬዲየንት ማፕ ላይ ያልነውን እዚያ ስትሞክሩ ግን መብራቱን ከመቀየራችሁ በፊት የግራጫውን ኮፒ ለብቻው አስቀምጡ።